ቢጫው ክር

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤ ፈርገስ በበረዶ ሰጥማ፣
ግራንድ ወንዝ ከግግሩ ሥር፣ ድምፁ ሳይሰማ፣
የታንሲ ሙቀት ወርዷል፤ ምንጣፉን ትቧጥጣለች፣
ዞራ ዞራ ትተኛለች፣ ተመልሳ ትነሣለች።
እኔ ከምድጃው ጥግ፣ ከሳንቃው ሣጥን አጠገብ፣
ፎጣ፣ መቀስ፣ የኩሽና ሚዛን፣ ደብተር፤ የቀረው ሐሳብ።

የመጀመሪያዋ መጣች፣ በሽፋኗ እንዳለች፤
እናቷ ቀድዳ ላሰቻት፤ "ሲጥ!" ብላ ዓለም ገባች።
ሁለተኛው ቀለለ፤ ሦስተኛዋ ብትዘገይም መጣች፤
አራተኛው ግን ወጣና ዝም አለ፣
እንደ ረጠበ ጓንት ከመዳፌ ላይ ተንጠለጠለ።
አሸሁት፤ ጀርባውን፣ ደረቱን፣ በፎጣው ሻካራ ጎን፣
ጠራሁት፣ ገና ያላወጣሁለትን ስሙን።
ታንሲ ዓይኗን ጣለችብኝ፤ የግድግዳው ሰዓት ቆጠረ፤
ስንቴ ተጭሮ እንቢ እንዳለ ክብሪት፣ ድንገት መተንፈስ ጀመረ።

ባንገታቸው የሱፍ ክር አሰርሁ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፤
ቢጫውን ለዚያ፣ ከሞት ደጅ ለተመለሰው ልጅ።
ጻፍሁ፦ ቢጫ፣ ሁለት መቶ ዘጠና ግራም።
በሦስተኛው ቀን ሦስት መቶ አምስት። ተመስገን፤ ሌላ የምለው የለኝም።

በዚያው ሳምንት ከሰድበሪ አንድ ሰው ደወለ፤
"ሰማያዊ ዝንጉርጉር ወንድ አለኝ፤ ካንቺዋ ዝንጉርጉር እናገናኘው" አለ፣
"ገዢው ተሰልፏል፤ ቀለማቸው ጉድ ነው፤ ዋጋቸውም እጥፍ!"
"ዓይኑንም ጆሮውንም ለሚነጠቅ ነጭ ቡችላ፣
እጥፍ ማለት ያ ነው" አልሁት፤ "በዚህ ደጅ አትለፍ።"

ቢጫው አደገ።
ማንም ሳያቆመው ቆመ፣ አራት እግሩን ተክሎ፣
አንገቱ ቀና፣ የጆሮው ጫፍ ብቻ እጥፍ ብሎ።
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
በየቀይ መብራቱ ያለምሁት ራስ፣ ይኸው በአካሉ!
የዋንጫ መደርደሪያዬን ወለወልሁ፤ ምስማሩን አጠበቅሁ፤
ዓይኑ ገና አልታየም። አልክድም፤ ቸኮልሁ።

ጉዌልፍ። ዶክተር ኦዴት ላቪኝ መብራቱን አጠፋች፤
ጠብታው እስኪሠራ ጠብቀን፣ በትንሿ ብርሃን ወደ ውስጥ አየች።
ግራውን። ዝም። ቀኙን። እንደገና ግራውን።
"ከነርቩ ሥር ጉድጓድ አለ" አለችኝ፣ ዝቅ አድርጋ ድምፅዋን።
"ያያል፤ ዕድሜውን ሙሉም ሊያይ ይችላል፤ ዘሩ ግን በእሱ ይብቃ።
የአባቱን የምርመራ ወረቀት አይተሽ ነበር?"
ወረቀት! ባለቤቱ የሃያ ዓመት ወዳጄ፤ ቃሏን ሰማሁ፣ በቃ።

ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፤ ልጓሙን የያዝሁት እኔ ነበርሁ።
ማታ ደብተሩ ላይ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ብዬ፣ ቀኑን አሰፈርሁ።
ስልኩን አነሣሁ። ለግሌኒስ ነገርኋት፤ "ስሜን አጠፋሽው!" ብላ ጮኸች፤
የሃያ ዓመት ወዳጅነት በአንድ ማታ ቀበረች።
ከዚያው ውሻ ላስወለዱ አምስት ቤቶችም ደወልሁ፣ ተራ በተራ፤
አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ አመሰገነ፤
ሦስቱ ዝም አሉ። ዝምታው የእነሱ የቤት ሥራ።

ቢጫውን የኤሎራው ዳቦ ጋጋሪ ሩፐርት ወሰደው፤ የሌሊት ሠራተኛ፣ ቁጥብ፤
ውሉን አስነበብሁት፣ ጮክ ብሎ፣ ነጥብ በነጥብ፦
"አታስወልድበት፤ ሐኪም ሳያዝ የትል መድኃኒት አትስጥ፤
ካቃተህ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ለእኔ መልስ፤ ለሌላ አትሽጥ።"
"ዋጋውስ?" "በየሳምንቱ አንድ ዳቦ" አልሁት።
እስከ ዛሬ አላጎደለም።

በዓመቱ ግንቦት ወደ ትዕይንቱ ቀይዋን ይዤ ገባሁ፤ ዓይኗ ንጹሕ፣ ጠባይዋ ለስላሳ፤
ዳኛው ሦስተኛ አደረጋት፤ ጭራዋን ነሰነሰች እሷ።
ከገመዱ ማዶ ሩፐርት ቆሟል፣ እጅጌው ዱቄት ለብሶ፣
የሳምንቱን ዳቦ በብብቱ ይዞ፣ ከሥራው በቀጥታ ደርሶ።
"ያ ማዶ ያለው ለምን አልገባም?" አለኝ ዳኛው።
"ዓይኑ" አልሁት።
ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ አልጠየቀኝም።

ውሻው ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል፣
ለየኝ፤ ሩፐርትን ጎትቶ መጣ፣ እግሬ ሥር ሊንደባለል።
በዓይኑ ይሁን በአፍንጫው፣ አልጠየቅሁትም።
አንገቱን ዳበስሁ፤ ክሩ ጠቦት ከወለቀ ቆይቷል፤
ጣቴ ግን ቦታውን አልሳተም።